የጥንት ፎቶን ሳይጎዱ ማወቅ፦ በሳይንስ የመመርመርና የመጠበቅ ዝርዝር መመሪያ

በ2005 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ትልቅ የፎቶግራፍ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። የቀረቡት ሳውዝዎርዝና ሃውስ የተባሉ የቦስተን ፎቶ አንሺዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያነሷቸው ዳጌሮታይፖች ነበሩ። ዳጌሮታይፕ በተወለወለ የብር ገጽ ላይ የተነሳ ፎቶ ነው። ኤግዚቢሽኑ ብዙ ሳይቆይ አንዳንዶቹ ላይ ጉም የመሰለ ነጭ ነገር መውጣት ጀመረ። ከ150 ዓመት በላይ የቆዩ ፊቶች በተመልካች ፊት ይደበዝዙ ጀመር። ማንም አልነካቸውም፤ ማንም አላጠባቸውም። ብርሃን ላይ ወጡ፣ በቃ።

ከዚያ በኋላ በኒውዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ የሚገኘው የጆርጅ ኢስትማን ሙዚየም ባለሙያዎች ከከተማው ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ምክንያቱን መፈለግ ያዙ። ገጹን በኃይለኛ ማይክሮስኮፕ ሲያዩት ክሎሪን አገኙ። ብርና ክሎሪን ሲዋሃዱ ብርሃን የሚለውጠው ውህድ ይፈጠራል። ፎቶ ማንሳት የተቻለው በዚሁ የብር ጨዎች ጠባይ ነው። ያ ጠባይ ከ150 ዓመት በኋላ ተመልሶ ምስሉን ይበላው ጀመር።

ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ከምን እንደተሠራ ያላወቅነውን ፎቶ ስናጸዳም፣ ስንሰቅልም፣ ፕላስቲክ ውስጥ ስንከትም እየገመትን ነው። ግምቱ ከተሳሳተ ደግሞ የሄደው ምስል አይመለስም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ማወቅ፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። አብዛኛው ምርመራ በአንድ መብራትና በአንድ አጉሊ መነጽር ይሠራል። ላቦራቶሪ የሚያስፈልገው ዓይን ያልመለሰው ጥያቄ ሲቀር ነው። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

አንደኛ፦ እጃችሁን አሳርፉ

ንጹሕና ደረቅ ጠረጴዛ አዘጋጁ። ቡናውም ውሃውም ሌላ ክፍል ይቆይ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፉ፤ ከፎቶው የሚረግፍ ነገር ካለ ወዲያው ይታያችኋል። ለብርጭቆና ለብረት ፎቶ ስስ የናይትሪል ጓንት አድርጉ። የጥጥ ጓንት ብርጭቆ ላይ ያንሸራትታል፣ የተቀደደ የወረቀት ጠርዝም ይይዛል። ፎቶውን በጠርዙ ብቻ ያዙ። ከቦታ ቦታ ስታንቀሳቅሱት ከሥሩ ጠንካራ ካርቶን ይኑር።

ከፍሬም ለማውጣት አትቸኩሉ። አንድ ጊዜ አንዲት እናት የአባታቸውን ፎቶ ይዘው መጡ። ፎቶው ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተጣብቆ ነበር። ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሊረዳ ብሎ በቢላ ሊያላቅቀው ሞክሯል። ፊቱ መስታወቱ ላይ ቀረ፤ ወረቀቱ ባዶ ሆነ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል። የብዙ ፎቶዎች የላይኛው ሽፋን ጄላቲን ነው። ጄላቲን እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ሲደርቅ የነካውን ይዞ ይቀራል። እንዲህ የተጣበቀ ፎቶ ካላችሁ ከነመስታወቱ ፎቶ አንሱትና ለባለሙያ አቆዩት።

ውሃ፣ አልኮል፣ የመስታወት ማጽጃ፣ በምራቅ የረጠበ ሶፍት፣ ስኮች፣ ላሚኔት፦ አንዳቸውም ወደ ፎቶው አይጠጉ። በተለይ ሶፍቱን ደጋግሜ የምለው ሁሉም ሰው የሚያደርገው ስለሆነ ነው።

ሁለተኛ፦ ያለበትን ሁኔታ መዝግቡ

ምርመራ የሚጀምረው ከማስታወሻ ነው። ፎቶውን ከፊትም ከጀርባም በስልካችሁ አንሱት። ፍላሽ አታብሩ። ከጎኑ ማስመሪያ አድርጉ። ጀርባውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ የእጅ ጽሑፍ፣ የካርቶኑ ጠርዝ ቅርጽ ያለው ግን እዚያ ነው። መጠኑንም ለኩ። ወደ 6 በ10 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ካርቶን ላይ የተለጠፈ ትንሽ ፎቶ ከሆነ፣ ፈረንሳዊው ዲዝዴሪ በ1854 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት የጉብኝት ካርድ ዓይነት ሊሆን ይችላል።

ስካነር ላይ የሚተኛው ዝርግና ጤነኛ የወረቀት ፎቶ ብቻ ነው። የሚላላጥ፣ የተጠቀለለ ወይም ብርጭቆ የሆነ ፎቶ ላይ ክዳን አትጫኑ። ሽታም ካለው ጻፉ። ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚል ኔጌቲቭ ትልቅ ነገር እየነገራችሁ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛ፦ መብራቱን አዘዋውሩ

ክፍሉን አጨልሙና ትንሽ የእጅ ባትሪ ከጎን፣ ከጠረጴዛው ጋር ሊተኛ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። ከላይ ሲታይ ለስላሳ የመሰለው ገጽ ጉብታው፣ ስንጥቁና ልጣጩ ይወጣል። በጨለማው የምስሉ ክፍልና በጠርዙ ላይ ሰማያዊ ያዘለ የብረት ብልጭታ ካያችሁ የብር መስታወት የሚባለው ጉዳት ነው። ምስሉን የሠራው ብር ተሟሙቶ ወደ ላይ ወጥቶ እንደገና ብር ሆኗል ማለት ነው።

ቀጥሎ የአልትራቫዮሌት መብራት። የገንዘብ ኖት ለመመርመር የሚሸጠው ዓይነት ለመጀመሪያ እይታ ይበቃል። ዓይናችሁን በመከላከያ መነጽር ሸፍኑ፣ ለጥቂት ሰኮንድ ብቻ አብሩ። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ጀምሮ የፎቶ ወረቀት ፋብሪካዎች ወረቀቱ ነጭ እንዲመስል ማንጫ ኬሚካል ይጨምሩ ነበር። ያ ኬሚካል በዚህ መብራት ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ይበራል። አንድ ሰው «ይሄ በምኒልክ ዘመን የታተመ ነው» ብሎ የሚያመጣው ፎቶ ወረቀቱ እንዲህ ቦግ ካለ፣ ምስሉ የዚያ ዘመን ቢሆን እንኳ ይህ ቅጂ ከዚያ በኋላ የታተመ ነው። ተቃራኒው ግን አይሠራም። ማንጫ የሌለበት ወረቀት ከ1950 በኋላም ተሠርቷል፤ ስላልበራ ብቻ ጥንታዊ ነው ማለት አይቻልም። የበራው ደግሞ ፎቶው ራሱ ይሁን የተለጠፈበት ካርቶን ለይታችሁ እዩ።

አራተኛ፦ በአጉሊ መነጽር አንብቡት

ከሁሉም የምወደው ደረጃ ይህ ነው። 10 እጥፍ የሚያጎላ የወርቅ አንጥረኛ መነጽር ይበቃል። ከ30 እስከ 60 እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ ማይክሮስኮፕ ካገኛችሁ ግን ሌላ ዓለም ይከፈታል።

ማይክሮስኮፕ ከጥንት ፎቶ ምን ሊያወጣ እንደሚችል አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። በሴፕቴምበር 1848 ፎንቴይንና ፖርተር የተባሉ ሁለት ሰዎች የሲንሲናቲን የወንዝ ዳር በስምንት ዳጌሮታይፖች ጎን ለጎን አድርገው አነሱት፤ ሲንሲናቲ የአሜሪካ ከተማ ናት። ከብዙ ዘመን በኋላ የጆርጅ ኢስትማን ሙዚየም ባለሙያዎች ሰሌዳዎቹን በማይክሮስኮፕ ሲያዩ አንድ የማማ ሰዓት አገኙ። ሰሌዳው ላይ ስፋቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ከ55 ይላል። ይህ ሁሉ ዝርዝር ያለው ብናኝ በሚመስሉ ቅንጣቶች ውስጥ ነው። አንድ የጨርቅ ጫፍ ሊጠርገው እንደሚችል ስታስቡ ለምን እንዳትነኩ እንደምለፈልፍ ይገባችኋል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ምስሉ ያለው በምን ላይ ነው? ብረት፣ ብርጭቆ ወይስ ወረቀት?

ፎቶው እንደ መስታወት ፊታችሁን የሚያሳይ ከሆነ፣ ዘንበል ሲደረግም ምስሉ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ የሚገለባበጥ ከሆነ ዳጌሮታይፕ ነው። አሠራሩ በ1839 ፓሪስ ላይ ይፋ ሆነ። መዳብ ላይ ብር ተለብጦ ይወለወላል፣ በአዮዲን ጭስ ብርሃን እንዲቀበል ይደረጋል፣ ከተነሳ በኋላ በሜርኩሪ (በባዝቃ) እንፋሎት ምስሉ ይወጣል። እንደ መስታወት የማያንጸባርቅ፣ ብርጭቆ ሆኖ ከጀርባው ጥቁር ያለበት ደግሞ አምብሮታይፕ ነው። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ስለሚቀመጡ ሰው ያምታታቸዋል። ሦስተኛው ቲንታይፕ ነው፤ ስሙ ቆርቆሮ ይበል እንጂ ስስ የብረት ሉህ ነው። ትንሽ ማግኔት በክር አንጠልጥላችሁ ከጀርባው በኩል ሳይነካ ብታቀርቡት ይሳባል። ዳጌሮታይፕ አይስበውም።

ወረቀት ከሆነ ቆጠራችሁ በንብርብር ነው። ከወረቀቱ ጭረቶች፣ ማለትም ወረቀቱ ከተሠራባቸው ጥቃቅን ክሮች፣ በላይ ምን አለ?

ጭረቶቹ ፍንትው ብለው ከታዩ፣ ምስሉም ወረቀቱ ውስጥ የሰረገ ከመሰለና ምንም ወዝ ከሌለው፣ የጨው ወረቀት ነው። የ1840ዎቹና የ1850ዎቹ ሥራ ነው፤ እጅግ ስስ ልብ ያለው።

ጭረቶቹ በአንድ ቢጫማ ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ሥር ከታዩ፣ ሽፋኑም እንደ ደረቀ ጭቃ በጥቃቅኑ ከተሰነጣጠቀ፣ አልቡሚን ነው። ሽፋኑ የእንቁላል ነጭ ነው፤ በትክክል የእንቁላል። ብላንካር ኤቭራር የተባለ ፈረንሳዊ በ1850 አስተዋወቀው፣ እስከ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ድረስ ዓለምን ገዛ። ወረቀቱ በጣም ስስ ስለሆነ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ካርቶን ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። ለእኛ ይህ ዓይነት ቅርብ ነው። እንግሊዛዊቷ ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በ1868 በእንግሊዝ ዋይት ደሴት ያነሳቻቸው የልዑል ዓለማየሁ ፎቶዎች በብርጭቆ ኔጌቲቭ ተነስተው በአልቡሚን የታተሙ ናቸው። በመቅደላ ዘመቻ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡት የመሐንዲስ ክፍል ፎቶ አንሺዎች ያነሷቸውም በዚሁ ዘመን ቴክኒክ የታተሙ ናቸው።

ጭረቶቹ ጨርሶ ካልታዩ በመካከል ሌላ ነጭ ንብርብር አለ ማለት ነው። ባሪታ ይባላል፤ በጄላቲን የተለወሰ ባሪየም ሰልፌት ነው። ወረቀቱን ለስልሶና ነጭ አድርጎ ይሸፍነዋል። ከ1880ዎቹ ወዲህ በንግድ የፎቶ ወረቀት ላይ ተስፋፋ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንደ ቤድሮስ ቦያጂያን ያሉ አርመናውያን ፎቶ አንሺዎች አዲስ አበባ ላይ ሲሠሩ ዘመኑ የዚህ ወረቀት ነበር።

ቀለሙም ምስክር ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ደስ ይላል። በድሮዎቹ ወረቀቶች ምስሉን የሚያወጣው ፀሐይ ራሷ ነበረች። እንዲህ የተፈጠረው ብር በጣም ጥቃቅን ድቡልቡል ቅንጣት ይሆናል፤ ጥቃቅን ብር ለዓይን ቀይ ቡናማ ነው። በኋላ በመጣው አሠራር ምስሉን ጨለማ ክፍል ውስጥ ኬሚካል ያወጣዋል። ብሩ እንደ ተጠቀለለ ክር ይሆናል፤ ለዓይን ጥቁር ነው። ጥቃቅኑ ቅንጣት ከይዞታው አንጻር ለአየር የተጋለጠ ገጹ ብዙ ስለሆነ ቶሎ ይጠቃል። የ1870ዎቹ ፎቶ ወይቦ የ1930ዎቹ ጥቁር ሆኖ የሚቆየው በአመዛኙ በዚህ ነው።

አምስተኛ፦ ኤክስሬይ ምን ይጨምራል?

ዓይን ያልመለሰው ጥያቄ ሲቀር የመጀመሪያው መሣሪያ የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ መለኪያ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። መሣሪያው ኤክስሬይ ይልካል፤ የተመታው አቶም የራሱን መለያ ጉልበት ያለው ኤክስሬይ ይመልሳል። ብር የብርን፣ ወርቅ የወርቅን። ናሙና አይቆረጥም፣ ፎቶው አይነካም። የወርቅ ንጽሕና የሚለኩበትና ማዕድን የሚፈትሹበት የእጅ መሣሪያ በመሠረቱ ይኸው ነው። ግን ጨረር ነውና የሠለጠነ ሰው ይያዘው።

አስተውሉ፦ ኤክስሬይ ላይ ላዩን አያይም። ምስሉን፣ ባሪታውን፣ ወረቀቱን፣ ካርቶኑን አልፎ ሁሉንም አንድ ላይ ያነባል። ስለዚህ አንድ ቦታ ለክታችሁ አትተዉ። ቢያንስ ሦስት ቦታ ለኩ፦ በጣም ጨለማው የምስሉ ክፍል፣ በጣም ነጩ ክፍል፣ ፎቶ የሌለበት ባዶ ካርቶን። ከካርቶኑ የሚመጣውን ከነጩ ላይ፣ ከነጩ የሚመጣውን ከጨለማው ላይ ቀንሳችሁ አስቡ። የሚተርፈው የምስሉ ነው።

ከዚያ ታነባላችሁ። ጨለማው ላይ ብር ከወርቅ ጋር ካለ ምስሉ በወርቅ ታጥቧል፤ ቀለሙን ለማሳመርና ዕድሜውን ለማራዘም ያደርጉት ነበር። ብር ጨርሶ ሳይኖር ፕላቲኒየም ካለ የፕላቲኒየም ኅትመት ነው፤ ይህ እምብዛም አይደበዝዝም። ብር ሳይኖር ብረት ካለና ምስሉ ሰማያዊ ከሆነ ሲያኖታይፕ ነው፤ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ኸርሸል በ1842 የፈጠረው። አልቡሚን ከሆነ ነጩም ክፍል ላይ ጥቂት ብር ታገኛላችሁ። ያ የመሣሪያ ስህተት አይደለም። የእንቁላሉ ፕሮቲን ብሩን ይዞ በእጥበትም አይለቅም። የአልቡሚን ነጭ ቦታ ከጊዜ ጋር ቢጫ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ነው።

ባሪየምና ስትሮንቲየም አብረው በብዛት ከመጡ ባሪታ አለ። አንድ ሰው የ1868 የመቅደላ ፎቶ ዋናውን ቅጂ እሸጣለሁ ቢላችሁና ፎቶው ላይ ወፍራም ባሪታ ቢገኝ፣ ያ ኅትመት ከዘመቻው ዓመታት በኋላ የተሠራ ነው። ግን መጀመሪያ ካርቶኑን ለኩ። ባሪየም ከካርቶኑ መጥቶ ከሆነ ንጹሕ ፎቶ በከንቱ ትከሳላችሁ።

ይህ መሣሪያ በካሜራ ተነስተው ዛሬ ድረስ ካሉት ሁሉ ቀደምት በሆነው ፎቶ ላይም ሠርቷል። ፈረንሳዊው ኒየፕስ በ1826 ወይም በ1827 ከቤቱ መስኮት ያነሳው ምስል ዛሬ ቴክሳስ ኦስቲን በሚገኘው ሃሪ ራንሰም ማዕከል አለ። በ2002 የጌቲ ጥበቃ ተቋም ሳይንቲስቶች መረመሩት። ሰሌዳው የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ ነው፤ ምስሉን የያዘው ብርሃን ያጠነከረው ሬንጅ ነው። ብር የለበትም። ስለዚህ ጥበቃውም ስለ ብር ከምናስበው ይለያል። እዚያ ላይ የሚፈራው አየሩ ቅይጡን እንዳያዝገው ነው። ኦክስጅን የሌለበት የታሸገ ማቀፊያ ውስጥ የተቀመጠው ለዚህ ነው። ምርመራው እንዴት ወደ አቀማመጥ እንደሚመራ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ስድስተኛ፦ ሽፋኑን መለየት

ኤክስሬዩ ካርቦንን፣ ኦክስጅንን፣ ናይትሮጅንን አይቶ አይለይም። የእንቁላል ነጭ፣ ጄላቲን፣ ኮሎዲዮን ደግሞ ከእነዚህ የተሠሩ ናቸው። እዚህ ላይ የኢንፍራሬድ መለኪያ ይገባል። ሞለኪውሎች ኢንፍራሬድ ብርሃንን እንደ አሠራራቸው ይውጣሉ፤ የተዋጠው ስፍራ እንደ ጣት አሻራ ነው። ፕሮቲን በሞገድ ቁጥር (በሴንቲ ሜትር ውስጥ ባሉ ሞገዶች ቁጥር) 1650 እና 1540 አካባቢ ሁለት ጎላ ያሉ ምልክቶች ይሰጣል። ኮሎዲዮን በናይትሪክ አሲድ ከተለወጠ ጥጥ የሚሠራ ሽፋን ነውና ናይትሬቱ 1650፣ 1280 እና 840 አካባቢ ይታያል።

ልብ አድርጉ፦ 1650 ላይ ሁለቱም ይገናኛሉ። በአንድ ምልክት አትፍረዱ። አልቡሚንና ጄላቲንም ሁለቱ ፕሮቲን ስለሆኑ በኢንፍራሬድ ብቻ መለየት ከባድ ነው። እዚህ ወደ አጉሊ መነጽሩ ተመለሱ። ስንጥቅና የወረቀት ጭረት ከታየ አልቡሚን፣ ባሪታ ካለ ጄላቲን የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። መለኪያው ገጹን የሚጫን ዓይነት ከሆነ ለሚላላጥ ፎቶ አይሁን። የራማን መለኪያ (ሞለኪውልን በሌዘር ብርሃን የሚለይ መሣሪያ) የሚጠቀም ላቦራቶሪ ካገኛችሁም ስለ ሌዘሩ ጉልበት ጠይቁ። ጥቁር ብር ሌዘር ውጦ ሊቃጠል ይችላል።

ኮሎዲዮን በአልኮል ይሟሟል፣ ጄላቲን በውሃ ያብጣል፤ ስለዚህ ጠብታ አድርጎ መፈተን የቆየ ዘዴ ነው። እኔ አልመክረውም። ለማወቅ ብላችሁ አንድ ነጥብ ትጎዳላችሁ፤ መነጽር ያንኑ መልስ ሳይጎዳ ይሰጣል።

ከሁሉም የላቀውን መሣሪያ በጥቂቱ ላንሳ። በ2018 የካናዳ ተመራማሪዎች ከካናዳ ብሔራዊ ጋለሪ ሁለት ዳጌሮታይፖች ወሰዱ። ሁለቱም ከመዛጋቸው የተነሳ ምንም አይታይባቸውም ነበር። ሲንክሮትሮን ከሚባል ግዙፍ መሣሪያ የሚወጣ፣ ከፀጉር የቀጠነ የኤክስሬይ ጨረር ነጥብ በነጥብ አሳለፉባቸው፤ ሜርኩሪው የት የት እንዳለ ካርታ ሠሩ። የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ፊት ወጣ። ምስሉን ከሠሩት ቅንጣቶች ጋር የተዋሃደው ሜርኩሪ ከዝገቱ ሥር በቦታው ነበር። «ጠፍቷል» ተብሎ ሊጣል ስለሚችል ሰሌዳ ስታስቡ ይህን አትርሱ። ያለመጣል ብቻ ፊትን ያድናል።

ሰባተኛ፦ ጉዳቱ ከየት መጣ?

የጉዳቱን ምንጭ ሳታውቁ መድኃኒት አትስጡ። የብር ዋና ጠላቶቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ድኝ ነው። ከላስቲክ ማሰሪያ፣ ከሱፍ፣ ከርካሽ ካርቶን፣ በደንብ ካልታጠበ የፎቶ ኬሚካል ይመጣል፤ ምስሉን ቢጫ ቡናማ ያደርገዋል። ሁለተኛው ኦክሳይድ አድራጊ ጋዝ ነው። አዲስ ከተቀባ ቀለምና ከአንዳንድ እንጨት ይወጣል፤ የብር መስታወቱን የሚያመጣው እሱ ነው። አዲስ ቀለም በተቀባ ክፍል የፎቶ ሳጥን ለሳምንታት አታስገቡ።

ለዳጌሮታይፕ ሌላ ጠላት አለ፤ የሚሸፍነው የራሱ መስታወት። የድሮ መስታወት እርጥበት ሲያገኝ ያለቅሳል። አልካሊ ያለበት ጠብታ ከውስጥ በኩል ያወጣና ሰሌዳው ላይ ይጥላል። በአጉሊ መነጽር ጥቃቅን ጠብታ መስታወቱ ውስጥ ካያችሁ ባለሙያ መስታወቱን በአዲስ ይቀይረው። ሰሌዳው ራሱ አይጠረግም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ዝገቱን ያስለቅቃል ተብሎ ታይዮዩሪያ በሚባል ኬሚካል የታጠቡ ብዙ ሰሌዳዎች ነበሩ፤ ዝገቱ ሄዶ ሌላ ጉዳት ቀረባቸው።

የፊልም ኔጌቲቭ ካላችሁ እንደ ቤት ፎቶ አትዩት። ከ1889 እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ፊልም ናይትሬት የሚባለው በቀላሉ የሚቀጣጠል ዓይነት ሊሆን ይችላል። ናይትሬት ከተቀጣጠለ ራሱ ኦክስጅን እየሰጠ ስለሚነድ በውሃም አይጠፋም። ከተጣበቀ፣ ቡናማ ዱቄት ከሆነ፣ የሚሰነፍጥ ሽታ ካለው ከሌላው ለይታችሁ ቀዝቃዛና አየር ያለው ቦታ አኑሩና ባለሙያ ጥሩ። ለመለየት ብላችሁ ቁራጭ አታቃጥሉ።

ሆምጣጤ የሚሸተው ደግሞ አሲቴት የሚባለው ሌላው የፊልም ዓይነት ነው፤ እየፈረሰ ነው ማለት ነው። ጉዳቱ ሰንሰለታዊ ነው፤ የሚወጣው አሲድ ጎረቤቱን ያፋጥነዋል። የሮቸስተሩ የምስል ዘላቂነት ተቋም የሠራቸው ትንንሽ የአሲድ መለኪያ ወረቀቶች አሉ። ከፊልሙ ጋር ሳጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። ሰማያዊ ሆነው ከቆዩ ደህና ነው፤ ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ ሲሄዱ ፊልሙ እየሞተ ነው። ቢጫው ጋ የደረሰውን ቅድሚያ ሰጥታችሁ ስካን አድርጉ።

ስምንተኛ፦ ማስቀመጥ

አሁን ምን እንደያዛችሁ ታውቃላችሁ። የሚቀረው ቤት ማዘጋጀት ነው።

ፖስታና ሳጥን ስትገዙ «አሲድ የለበትም» የሚለው ጽሑፍ አይበቃም። የፎቶግራፍ ተፅዕኖ ፈተና ያለፈ መሆኑን ጠይቁ፤ ወረቀቱ ከብር ጋር ቢኖር ምስሉን ይነካው እንደሆነ የሚለካ ዓለም አቀፍ ፈተና ነው። ፕላስቲክ ከሆነ ፖሊስተር ወይም ፖሊፕሮፒሊን ይሁን። ያ «አዲስ» የሚሸተው ለስላሳ ፒቪሲ አይሁን። የሚያጣብቅ ገጽ ያለው አልበም ውስጥ ያለ ፎቶ ካላችሁ ቀስ በቀስ አውጡ፤ አልወጣ ካለ ገጹን ዙሪያውን ቁረጡት እንጂ ፎቶውን አትጎትቱ። የብርጭቆ ኔጌቲቭ በረጅም ጠርዙ ቆሞ ይቀመጥ። ተደራርቦ ከተኛ የታችኛው ይሰበራል።

እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ መካከል ቢሆን ጥሩ ነው። ከቁጥሩ በላይ የሚጎዳው መዋዠቁ ነው። ሽፋኑና ወረቀቱ በተለያየ መጠን ያብጣሉ፣ ይሸበሸባሉ፤ ስንጥቁ የሚመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ጣሪያ ሥር፣ ከውጭ ግድግዳ ጋር የተጠጋ ቁም ሳጥን፣ የዋሽንግተን ቤዝመንት፣ ኤሲው ቀን በርቶ ሌሊት የሚጠፋበት የባሕረ ሰላጤ ክፍል ሁሉም መጥፎ ናቸው። በቤቱ መሃል ያለ፣ ከወለል ከፍ ያለ መደርደሪያ ይሻላል። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ሳጥኑ ውስጥ አኑሩ።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ቅጂ ይሁን። ዋናው ለጥቂት ጊዜ መታየት ካለበት ብርሃኑ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አይለፍ፤ ይህ ደብዘዝ ያለ ክፍል ነው። የጨው ወረቀት ግን በጭራሽ አይሰቀል። መስታወት ያለው ፍሬም ከሆነ በፎቶውና በመስታወቱ መካከል የካርቶን ክፈፍ አስገቡ፤ እንዳይነካካ።

ፖስታው ላይ ፎቶው ከመግባቱ በፊት በለስላሳ እርሳስ ጻፉ፦ ዓይነቱ፣ በምን እንደለያችሁት፣ የተለካው ሦስት ቦታ ውጤት፣ የጉዳቱ ምልክት፣ ቀኑ። በፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ስም ከቤተሰቡ ሽማግሌዎች ጠይቃችሁ በዚያው አስፍሩ። ስማቸው በየትኛውም መሣሪያ አይለካምና ሳይዘገይ ጠይቁ።

ከዚያ በዓመት አንድ ጊዜ ክፈቱት። አዲስ አበባና አካባቢው ላይ ላለ ሰው የሚሻለው ጊዜ መስከረም ነው፤ ክረምቱ የዘራው ሻጋታ የሚታየው ያኔ ነው። ሻጋታ ካገኛችሁ በእርጥቡ አትጥረጉት። ፎቶውን ከሌሎቹ ለዩት፣ ደረቅና አየር ያለው ጥላ ውስጥ እስኪደርቅ አቆዩት። ከደረቀ በኋላ፣ ገጹ የማይላላጥ ከሆነ፣ አፍንጫና አፋችሁን ሸፍናችሁ ደጅ ላይ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። የአምናውን ፎቶ ከዘንድሮው ጎን አድርጋችሁ አወዳድሩ፤ የተለወጠውን ፖስታው ላይ ካለፈው ዓመት መስመር ሥር ጻፉ።